የወላይታው አውራጃ ገዢ የአቶ ግርማሜ ነዋይ የሕይወት ታሪክ

 ባለፈው ዓመት በጠቅላላ ጉባዔያችን ላይ የተነሳውን ክርክር የረሳችሁት አይመስለንም። በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ ለኮሚቴ የሚመረጥ አባል በሠፈሩ ውስጥ የራሱ ቤት ያለው መሆን አለበት የምትል አንዲት አንቀጽ አለች። በኪራይ ቤት የሚኖሩት አባሎቻችን ወርሃዊ መዋጮ እኩል እየከፈልን፣ ድንኳን እኩል እየተከልን፣ ሬሳ እኩል እየተሸከምን እኛ ስለምን አንመረጥም ብለው ተነሱ። ባለቤቶቹም በበኩላቸው ተከራይ ማለት ነገ ዕቃውን ጭኖ የሚሄድ ነው፣ የዕድር ገንዘብና የዕድር ዕቃ በእጁ እንዴት ይሰጠዋል አሉ። ነገሩ ወደ ጭቅጭቅ ስላመራ ለሚቀጥለው ጉባዔ ተላለፈ።

እኛ በዕለቱ ቃለ ጉባዔ ያዢ ስለነበርን የሁለቱንም ወገን ቃል ጽፈን ወደ ቤታችን ስንመለስ በመንገድ ላይ ሐሳባችን የሄደው ወደ አንድ ሰው ነው። ይኸውም አቶ ግርማሜ ነዋይ ናቸው። እኚህ ሰው ሶዶ ከተማችን ላይ ተቀምጠው ወላይታን ያስተዳደሩ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ በሰው አገር ሆነው ንብረት የሌለው ሰው በምክር ቤት ማን ይናገርለት የሚለውን ነገር በጎረቤታችን በኬንያ ያጠኑ ነበሩ። ስለ ታኅሣሥ ግርግር ሲወራ ስማቸው ሁልጊዜ ይነሳል፤ ስለ ወላይታው ሥራቸው ግን ልጆቻችን እምብዛም አያውቁም። እኛም ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ፣ አርባ ዓመት ያህል በመዝገብ ቤት ያገለገልን የጡረታ ሰው ብንሆንም፣ በጡረታችን ጊዜ ካነበብነውና ከታላላቆቻችን ከሰማነው የቻልነውን ያህል እንጽፋለን።

አቶ ግርማሜ በ1917 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው ዓለቃ ነዋይ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሲሆኑ ወገናቸው በሸዋ የታወቀው የሞጃ ቤተ ሰብ ነው። እንግዲህ የድሀ ልጅ አልነበሩም ማለት ነው። ታላቅ ወንድማቸው መንግሥቱ ነዋይ ወታደርነትን መርጠው እስከ ብርጋዴር ጄኔራልነት ደርሰዋል፣ የክብር ዘበኛም ዋና አዛዥ ሆነዋል። ታናሽዬው ግን ለትምህርት ያደሉ ነበሩ። ጠላት ከአገራችን ከወጣ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሩና መንግሥት ወደ ውጭ አገር ከላካቸው ከመጀመሪያዎቹ ወጣቶች ጋር ወደ አሜሪካ ሄዱ። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በኒውዮርክ ከተማ በሚገኘው በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የማስተርስ ዲግሪያቸውን ያዙ።

ለማስተርሱ የጻፉት የጥናት ጽሑፍ ነው እኛን የሚገርመን። በአሜሪካ የሚማር ኢትዮጵያዊ ስለ አሜሪካ ወይም ስለ ገዛ አገሩ ቢጽፍ የሚጠበቅ ነው። እሳቸው ግን የመረጡት የነጮች ሠፈራ በኬንያ ላይ ያስከተለውን ነገር ነው።

ኬንያ ከሞያሌ ማዶ ያለች ጎረቤታችን ናት። እንግሊዞች በፈረንጆች አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም. ያዟት፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ የንጉሣቸው ቅኝ ግዛት ናት ብለው አወጁ። ደጋውን፣ ውሃ ያለውንና ለም የሆነውን መሬት ለነጮች ብቻ ከለሉት። በዚያ መሬት ላይ የነበረው ሕዝብ ከፊሉ ጠባብ ወደ ሆነ ክልል ተገፋ፤ ከፊሉም በነጩ እርሻ ላይ ጉልበቱን እየሰጠ እንዲቀመጥ ተፈቀደለት። እንግሊዞቹ ስኳተር ይሉታል። በእኛ ቋንቋ ጭሰኛ ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም።

አሁን ወደ ምክር ቤቱ ጉዳይ እንምጣ። እንግሊዞች በኬንያ በ1907 ዓ.ም. በነሱ አቆጣጠር ሕግ አውጪ ምክር ቤት አቋቋሙ። በምክር ቤቱ የተቀመጡት ነጮች ነበሩ። ቆይቶም ነጮቹ ሰፋሪዎች እንደራሴዎቻቸውን በምርጫ እንዲልኩ ተፈቀደላቸው። ሕንዶቹም ብዙ ከተሟገቱ በኋላ ወንበር አገኙ። የአገሩን ባለቤት ጥቁሩን ሕዝብ በተመለከተ ግን፣ የእሱን ጥቅም ይናገሩለታል ተብለው የሚቀመጡት በገዢው የተሾሙ ነጭ ሚሲዮናዊ ነበሩ። ሰውየው ደግ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፤ እኛ በዚህ ላይ ክርክር የለንም። ነገር ግን ማንም አልመረጣቸውም፤ ቢሳሳቱም የሚሽራቸው ጥቁር የለም። የመጀመሪያው ጥቁር አባል ኤሊውድ ማቱ ወደዚያ ምክር ቤት የገቡት በ1944 ዓ.ም. በፈረንጆች ሲሆን፣ እሳቸውም ቢሆኑ የገቡት በገዢው ሹመት እንጂ በሕዝብ ድምፅ አልነበረም። ምክር ቤቱ ከተቋቋመ ሠላሳ ሰባት ዓመት ካለፈ በኋላ ማለት ነው።

መሬቱም ወንበሩም የተወሰደበት ሕዝብ መጨረሻው ጫካ ሆነ። በ1952 ዓ.ም. በፈረንጆች የማው ማው አመፅ በበረታ ጊዜ እንግሊዝ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጣች፤ ጆሞ ኬንያታም ታሠሩ። በ1954 ዓ.ም. የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ ሊትልተን አዲስ ሕገ መንግሥት አመጡና ከሚኒስትሮቹ መካከል ለአንድ ጥቁር ቦታ ተሰጠ። አቶ ግርማሜ ጽሑፋቸውን የጨረሱት በዚሁ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ በ1957 ዓ.ም. ጥቁሮች ለመጀመሪያ ጊዜ ስምንት እንደራሴዎች መረጡ፤ ከሕዝቡ መካከል በመቶ አንድ እንኳ የማይሞሉት ነጮች ግን አሥራ አራት የተመረጡ አባሎች ነበሯቸው። ጥቁሩም መራጭ ቢሆን ሁሉም እኩል አይደለም፤ ትምህርት ያለው፣ ገቢ ያለው፣ ንብረት ያለው እስከ ሦስት ድምፅ ድረስ ይሰጠው ነበር። ምንም የሌለው ምንም አይሰጥም። ይህን ስናነብ የዕድራችን አንቀጽ ትዝ ያለችን በከንቱ አይደለም።

አቶ ግርማሜ ትምህርታቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው ተመለሱና በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥራ ያዙ። የቀድሞ ትምህርት ቤታቸው ተማሪዎች ማኅበርም ፕሬዚዳንት ሆነው ተመርጠው ነበር፤ በዚያ ስብሰባ ስለ አገር ጉዳይ ብዙ ይነጋገሩ እንደነበረ ይነገራል።

በዚያን ወቅት የእኛም አገር ስለ ሕገ መንግሥት የሚወራበት ጊዜ ነበር። እኛ በእንግሊዝ አልተገዛንም፣ ይህ የሁላችንም ኩራት ነው። ይሁን እንጂ በ1923 ዓ.ም. በወጣው በመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን የሚመርጡት መኳንንቱና የአካባቢ ሹማምንቱ ነበሩ፤ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ ተብሎ። ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣ። በዚህኛው ሕዝቡ እንደራሴውን ራሱ እንዲመርጥ ተፈቀደ፤ ምርጫውም በ1950 ዓ.ም. ተደረገ። ሴቶችም ጭምር ድምፅ ሰጡ። ትልቅ ነገር ነው፣ አናቃልለውም። ነገር ግን የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባሎች በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ሲሆኑ፣ ለሕግ መምሪያው የሚወዳደረውም ሰው በሚመረጥበት ወረዳ ንብረት ያለው መሆን ነበረበት።

ይህች ነገር በወላይታ ምን ማለት እንደነበረች እናስረዳ። አባታችን ከዳሞታ ተራራ ሥር በሰው መሬት ላይ እኩል አራሽ ነበሩ። ያመረቱትን ግማሽ ለባለመሬቱ ያስገባሉ፣ በግማሹና በጓሮው እንሰት እኛን አሳደጉ። በምርጫው ጊዜ ሄደው ድምፃቸውን ሰጥተዋል። ማንን መረጡ ብለን በልጅነታችን ጠይቀናቸው፣ ከቀረቡት ውስጥ አንዱን ነዋ፣ የቀረቡት ግን ሁሉም ባለመሬቶች ነበሩ ብለው ስቀውብናል። ያኔ ሳቃቸው አልገባንም ነበር።

የወላይታ መሬት ታሪክ ለእናንተ የሚነገር አይደለም፣ ታውቁታላችሁ። በ1887 ዓ.ም. ካዎ ጦና በምኒልክ ጦር ከተማረኩ በኋላ ብዙው መሬት ለዘመተው ወታደርና ለመንግሥት ሆነ፤ ያረሰው ሕዝብ ገባር ተባለ። ከጣልያን በኋላ ስሙ ተለወጠ እንጂ ሰውየው ያው ነው፣ ጭሰኛ ተባለ። መንግሥት አውራጃውን እንኳ ሕዝቡ ራሱን በሚጠራበት ስም አይጠራውም ነበር። ደጋው ሰው የሞላበት፣ ቤት ለቤት የተያያዘ ነው፤ ጎጆ የወጣ ልጅ የሚቆምበት የለውም። በሌላ በኩል ደግሞ ባለቤት አለው እየተባለ ሳይታረስ የተቀመጠ መሬት ሞልቷል።

አቶ ግርማሜ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት የወላይታ አውራጃ ገዢ ሆነው የመጡት በ1950 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ እንግዲህ ምርጫው በተደረገበት ጊዜ አቅራቢያ። ኒውዮርክ ላይ በወረቀት የጻፉትን ነገር ሶዶ ላይ በዓይናቸው ሲያዩት ምን እንዳሰቡ እኛ በልባቸው አልነበርንም። ያደረጉት ግን የታወቀ ነው። ሳይታረስ የቆመውን መሬት መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች አደሉ፣ ማስፈርም ጀመሩ።

ባለመሬቶቹ ተቆጡ። አቤቱታቸውም ሳይውል ሳያድር አዲስ አበባ ደረሰ። እዚህ ላይ የመዝገብ ቤት ሰው እንደመሆናችን አንድ ነገር ብንጨምር አትቀየሙን። ፋይል እግር የለውም፣ የሚያስሄደው ሰው ነው። በሥራ ዘመናችን የጭሰኛ ልጅ አቤቱታ በመሳቢያ ውስጥ ስድስት ወር ሲተኛ፣ ዘመድ ያለው ሰው ማመልከቻ ደግሞ በጠዋት ገብቶ ከሰዓት በኋላ ሲፈረም አይተናል። እኛም ራሳችን ተፈላጊውን ፋይል ከላይ፣ የማይፈለገውን ከታች የደረደርንበት ቀን አለ፤ አንክድም። እንግዲህ የባለመሬቶቹ ወረቀት እንዴት እንደፈጠነ ለመገመት አይቸግርም።

አቶ ግርማሜ ተጠርተው ስለ ሥራቸው ተጠየቁ። የሰጡት መልስ፣ ሕዝቡን እንዳስተዳድር ከተሾምኩ፣ የተራበ ሰው ወደ እኔ ሲመጣና ሥራ ፈቶ የተቀመጠ መሬት ሲኖር አለማካፈል አልችልም የሚል ዓይነት እንደነበረ ይነገራል። መልሱ አልረዳቸውም። ከወላይታ ተነስተው በሌላው የአገሪቱ ዳር ወደ ጅጅጋ ተዛወሩ።

እኛ ስለዚህ ሰው ስናስብ ከሁሉ በላይ የምንቆምበት ቦታ ይህ ነው። ወደ ወላይታ ሲመጡ የወላይታን ገበሬ ማንም አልጠየቀውም። ሲነሱም አልተጠየቀም። መሬት የደረሰው ጭሰኛ ገዢዬን አትውሰዱብኝ ብሎ የሚናገርበት ምክር ቤት የለውም፤ እንደራሴ ተብሎ አዲስ አበባ የተቀመጠው ሰው ራሱ ባለመሬት ነው። ስለዚህ ደጉ ገዢ በአንድ ደብዳቤ መጣ፣ በአንድ ደብዳቤ ሄደ። በኬንያ ምክር ቤት ከተቀመጡት ሚሲዮናዊ ጋር አንድ ናቸው ማለታችን አይደለም፤ አቶ ግርማሜ ከቃል አልፈው በሥራ አሳይተዋል። ግን የቆሙበት መሠረት ያው ሹመት ነበር።

ጅጅጋም ቢሆን ከእንግሊዝ ነገር የራቀች አልነበረችም። ከጣልያን በኋላ ኦጋዴንን እንግሊዞች ይዘውት ቆይተው፣ ሐውድ የሚባለውን የግጦሽ ምድርና በአጠገቡ ያለውን ክልል የለቀቁት ገና በ1947 ዓ.ም. ነበር። ከድንበሩ ማዶ በሐርጌሳ የእንግሊዝ ሶማሌላንድ ነበረች። አቶ ግርማሜ በጅጅጋ ለዘላኑ ሕዝብ ውሃና ሕክምና ለማድረስ ሞክረው ገንዘብ አጥተው ተቸገሩ ይባላል። እሳቸው በዚህ ሲጨነቁ፣ በማዶው እንግሊዞች ለመሄድ ዕቃቸውን ሲያሰናዱ ነበር፤ በ1952 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ የሶማሌላንድ ሕዝብ ምክር ቤቱን መረጠ፣ ሰኔ 19 ቀን 1952 ዓ.ም. ነጻ ወጣ፣ በአምስት ቀንም ውስጥ ከደቡቡ ሶማሊያ ጋር ተዋሐደ። በፈረንጆች 1960 ዓ.ም. ብቻ አሥራ ሰባት የአፍሪካ አገሮች ነጻ ወጡ። የኬንያም ሰዎች በዚያው ዓመት ለንደን ላይ ላንካስተር ሐውስ በሚባለው ቤት ተሰብስበው ጥቁሮች በምክር ቤቱ የሚበዙበትን ሕገ መንግሥት ይዘው ተመለሱ። አቶ ግርማሜ ይህን ሁሉ ከድንበር ላይ ሆነው ሳይከታተሉት አልቀሩም።

የቀረውን በአጭሩ እንለፈው፣ ብዙ ተጽፎበታልና። ጃንሆይ ወደ ብራዚል በሄዱበት ወቅት ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ሌሊት አቶ ግርማሜና ወንድማቸው ጄኔራል መንግሥቱ፣ ከፖሊሱ አዛዥ ከጄኔራል ጽጌ ዲቡና ከጸጥታው ሹም ከኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁ ጋር ሆነው መንግሥት ለመለወጥ ተነሱ። በማግስቱ አልጋ ወራሹ በሬዲዮ አዋጅ አነበቡ። አዋጁ አልጋ ወራሹ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ በደመወዝ እንደሚያገለግሉ የሚገልጽ ሲሆን፣ አዲስ ነጻ የወጡት የአፍሪካ አገሮች ሲራመዱ ኢትዮጵያ ወደ ኋላ መቅረቷንም ያነሳ ነበር። ልዑል ራስ እምሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆናሉ ተባለ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወጥተው ደገፏቸው። የምድር ጦሩና አየር ኃይሉ ግን ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ቆሙ፣ አዲስ አበባ ውስጥም ውጊያ ሆነ።

ነገሩ እንደከሸፈ ባወቁ ጊዜ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተይዘው በነበሩት መኳንንትና ሚኒስትሮች ላይ ተተኮሰባቸው። በአምስቱ ዓመት ጠላትን በሸዋ በረሃ የተዋጉት ራስ አበበ አረጋይ፣ ልዑል ራስ ሥዩም መንገሻ፣ ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ፣ አቶ መኮንን ሀብተ ወልድና ሌሎችም በዚያ ክፍል ውስጥ ሞቱ። ወላይታ ላይ ለጭሰኛው የራሩ ሰው በዚህ ጉዳይ እጃቸው አለበት። ስለ ደጉ ሥራቸው የጻፍን እንደመሆናችን ይህንን ብንዘለው ውሸታም እንባላለን። መሣሪያ የሌለውን እስረኛ መግደል በምንም አይመካኝም፣ ከሟቾቹም ቤት ልቅሶ ተቀምጧል።

ሁለቱ ወንድማማቾች ከከተማው ሸሹ። ታኅሣሥ 15 ቀን 1953 ዓ.ም. ሞጆ አካባቢ ተከበቡና አቶ ግርማሜ እዚያው ሞቱ። በሕይወት ላለመያዝ ራሳቸውን ገደሉ ተብሎ ነው የሚነገረው። ዕድሜያቸው ሠላሳ ስድስት ዓመት ያህል ነበር። ሬሳቸው ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ሕዝብ እንዲያየው በአደባባይ ተሰቀለ። የሞተ ሰው ማለት ነው የተሰቀለው። ወንድማቸው ጄኔራል መንግሥቱ ቆስለው ተያዙ፣ ታክመው ለፍርድ ቀረቡ፣ መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ላይ በስቅላት ተቀጡ።

እኛ የዕድር ሰዎች ነን። የሟቹን ደብተር አይተን የተከፈለ መሆኑን እንመረምራለን እንጂ በዘመኑ ምን ሠራ ብለን ሬሳ አንጠይቅም። ባለዕዳም ቢሆን ቀብረን ነው ስለ ዕዳው ከቤተ ሰቡ ጋር የምንነጋገር። ራስ አበበም ይቀበራሉ፣ አቶ ግርማሜም ይቀበራሉ። ሬሳን ማስፈራሪያ ማድረግ በወላይታም ሆነ በሸዋ ነውር ነው፤ ያን ቀን የታየው ግን ይኸው ነበር።

ኬንያ በ1956 ዓ.ም. ነጻ ወጣች። የካቲት 1967 ዓ.ም. ደግሞ የገጠር መሬት አዋጅ በአገራችን ታወጀና ጭሰኝነት ቀረ። በዚያ ዓመት በቀበሌያችን የገበሬዎች ማኅበር ሲቋቋም አባታችን ለፍርድ ሸንጎው ተመረጡ። እኛ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርን፣ ፊደል ስለቆጠርን የማኅበሩን የስም ዝርዝር እንድንጽፍ ተደረገ፤ የመጀመሪያ የጸሐፊነት ሥራችን እሱ ነው። በዝርዝሩ ላይ ንብረት የሚል ዓምድ አስምረን ነበርና አባታችን አይተው አስፋቁን። ዘመኑም የራሱን መከራ ይዞ መጣ፣ ያ ሌላ ታሪክ ነው።

የተከራይ አባሎች ጉዳይ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባዔ በአጀንዳ ተራ ቁጥር ሁለት ተይዟል። ድምፅ የሚሰጠው መዋጮውን እስከዚያ ወር ድረስ ያጠናቀቀ አባል ስለሆነ ሁላችሁም ደብተራችሁን ይዛችሁ እንድትመጡ እናሳስባለን።